አሥራ አንድ ጭብጨባና አንድ አግዳሚ ወንበር

በዓለም ላይ ታላላቅ ሕዝቦች አሉ። አንዳንዱ ተራራ ንዶ መንገድ አወጣ፤ አንዳንዱ ጨረቃ ላይ ወጣ። እኛ ደግሞ ባሕር አድርቀን መሬት ሠራን፤ በሠራነው መሬት ላይ ወንበር ደርድረን ስብሰባ ተቀመጥን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተነሣንም።

የከተማችንን ስም አልጠራም። ትሑት ከተማ ናት፤ ስሟ ሲጠራ ትደነግጣለች። ለማሳወቅ ያህል አንድ ቦይ፣ አንድ የሚነሣ ድልድይ፣ ከነዋሪዋ ብዛት ጋር የሚቀራረብ የኮሚቴ ብዛት አላት። እኔም ከኮሚቴዎቹ የአንዱ አባል ነበርኩ፤ ስለዚህ የማወራው ሁሉ ከአድልዎ የጸዳ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጉልበት ነው። ማለቴ በሲትሰ ጉልበት። ሲትሰ የድልድያችን ጠባቂ ነው። ጀልባ ሲመጣ መንገዱን ይዘጋል፣ ድልድዩን ያነሣል፣ ባለጀልባውን ይሳደባል፣ ድልድዩን ያወርዳል። ሲያነሣና ሲያወርድ ፀጉሩ ሸበተ፣ ሁለቱም ጉልበቶቹ አለቁ። ጡረታው ሲደርስ ማዘጋጃ ቤታችን፣ ወግ አዋቂ ነውና፣ ለሽኝቱ ምን ስጦታ እንደሚፈልግ ጠየቀው።

«መቀመጫ» አለ ሲትሰ። «ከድልድዩ ወዲያ፣ እዚያች ደሴት ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አድርጉልኝ። ሌላ ሰው ሲለፋ ቁጭ ብዬ ልይ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ያለ አጭር ጥያቄ ተቀብሎ አያውቅም፤ በጣም ደነገጠ። ደንግጦም ወንበሩን ወዲያው አሠራው። ደሴቷ ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋን ውሃ ነው፣ ከድልድዩ በቀር መግቢያ የላትም። ወንበሩ ከጥሩ ጣውላ ተሠርቶ እዚያ ቆመ። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ዮሪት፣ ገና ጢሙ ያልጠና ትጉህ ልጅ፣ ወንበሩን በላስቲክ ጠቀለለው፣ በገመድም ጠፍሮ አሰረው። ርክክብ አልተፈጸመማ!

በዚያው ቀን ሁለት ሠራተኞች ከዮሪት ጋር መጥተው ከድልድይ ጠባቂው ቤት ውስጥ የሲትሰን አሮጌ ወንበር ይዘው ወጡ።

«እንዴ! ወዴት ነው የምትወስዱት?» አለ ሲትሰ።

«ጋሽ ሲትሰ» አለ ዮሪት በትሕትና፣ «አግዳሚ ወንበር ተሰጥቶዎታል እኮ። አንድ ሰው ሁለት መቀመጫ ሲይዝ ጎረቤት ምን ይላል?»

«የተሰጠኝ ላይ ልቀመጥ ታዲያ?»

«እሱንማ ገና አልተረከቡትም።»

«እሺ፣ አሮጌውን መልስልኝ።»

«እሱንማ አስረክበዋል።»

ሕጉ እንዲህ ግልጽ ሲሆን ሰው ምን ይላል? ሽኝቱ የሚደረገው ወንበሩ ሲመረቅ ነው፤ ጡረታው የሚጀምረው ሽኝቱ ሲደረግ ነው። እስከዚያ ድረስ ሲትሰ ሥራው ላይ ይቆያል። በእርግጥም ቆየ፤ ቆሞ።

ወንበሩን ለማስመረቅ የቀረው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ የመታሰቢያው የናስ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ የሥራ መደቡ ይጻፋል። ሲትሰ ራሱን «የድልድይ ጠባቂ» ይላል። ሚስቱ ትራይንቸ የምትለው ሌላ ነው፣ እዚህ አይጻፍም። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ሰውን ማክበር ያውቃል፤ በመዝገቡ ያለው መጠሪያ «ሆፍትኦፕሃልብሩኽበዲኒንግስመደወርከር» የሚል ነው። ትርጉሙ የተነሺ ድልድይ ማንቀሳቀስ ዋና ሠራተኛ ማለት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ብዙ ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ አንድ ነው። ቃላትን ነጣጥለን ሜዳ ላይ መተው አንጀታችን አይችልም። አገሩ ብርድ ነው፣ ተጠጋግተው ይሙቁ ብለን ነው።

ችግሩ ሰሌዳው ነው። በከተማችን ደንብ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሁሉ ወርዱ እኩል ነው፤ በቦይ ሰጥሞ የሞተው የዶሮ ነጋዴም፣ ቦዩን ያስቆፈረው ባለጸጋም አንድ ዓይነት ሰሌዳ ነው ያላቸው። የሲትሰ ቃል እዚያ ላይ አልገባም አለ። መቆረጥ አለበት። የት ላይ? እንግዲህ ይህን የመሰለ ጥያቄ አንድ ሰው ብቻውን ቢወስነው አምባገነንነት ይሆናል። ስለዚህ የቃል አከፋፈል ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሩሎፍከ ነበሩ፤ የከንቲባው ምክትል፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ ሦስት መንደር የሚሰማ። ከሳቸው ሌላ መሐንዲሱ ዮሪት፣ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩት ጡረተኛው መምህር ቩቦ፣ ለመስማማት ብቻ የተመረጡ ሁለት ጸጥተኛ አባላት፣ እና እኔ። የተሰበሰብነው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ስፖንጅ አላቸው፤ የእጅ መደገፊያም አላቸው።

«ክቡራን የኮሚቴው አባላት!» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ። «ዛሬ በእጃችን ያለው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። የአንድ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ ክብር ነው! ይህን ክብር በጥንቃቄ፣ በግልጽነትና በአሳታፊነት ቆራርጠን ለትውልድ እናስተላልፋለን!»

ከዚያ ቡና መጣ፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ዞረ። እንደ ወጋችን አንዳንድ አነሣን፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ቆርቆሮው ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ሁለተኛ ያነሣ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይወራበታል።

መምህር ቩቦ እጃቸውን አወጡ። «ቃል የሚቆረጠው በመቀስ አይደለም፤ በመዳፍ ነው። አንደኛ ክፍል ያስተማርኳችሁን ረሳችሁት? በየቁራጩ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነው። በሉ ተነሡ! ሆፍት! ኦፕ!»

ሁለት ጊዜ አጨበጨብን። ወይዘሮ ሩሎፍከ ጠረጴዛውን መቱ።

«ይቁም! በዚህ አዳራሽ ማጨብጨብ በደንብ የተከለከለ ነው!»

እውነታቸውን ነው። አንዱ ተናጋሪ ከሌላው የበለጠ ተጨብጭቦለት ቅር እንዳይለው ብለን ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ከልክለነዋል። ስለዚህ ያ ስብሰባና ቀጣዩ ስብሰባ ደንቡን በማሻሻል አለፉ። በመጨረሻም «ለሥራ ጉዳይ ሲሆን፣ ደስታ ሳይታይበት ማጨብጨብ ይቻላል» የሚል አንቀጽ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በተፈቀደልን መሠረት ፊታችንን ኮስተር አድርገን አጨበጨብን። ሆፍት፣ ኦፕ፣ ሃል፣ ብሩኽ፣ በ፣ ዲ፣ ኒንግስ፣ መ፣ ደ፣ ወር፣ ከር። አሥራ አንድ ሆነ። አንደኛው ጸጥተኛ አባል አሥራ ሁለት አገኘ፤ ደግመን ብናጨበጭብ ለካ ጉንጩ ላይ ያረፈች ዝንብ መትቶ ነው። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ጋጋሪ ጭብጨባውን በመስኮት ሲሰማ፣ ‹እፎይ! የሲትሰ ነገር አለቀ› ብሎ ትልቅ የፖም ኬክ ላከልን። ኬኩን ዮሪት ከዐይን ጥቅሻ ባልበለጠ ጊዜ ስድስት እኩል ቦታ ከፋፈለው። ማንም አልተከራከረም። በላን፤ ኬኩ ስለተበላም ስብሰባው ውጤታማ ነበር ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

ከዚያ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

«የሚቆረጠው ከ‹ብሩኽ›፣ ማለትም ከድልድዩ በኋላ ነው» አሉ መምህር ቩቦ። «ድልድዩ ላይኛው መስመር ይቅር፤ ሠራተኛው ታች ይውረድ።»

«ጋሼ፣ ድልድይ ጫፍ ላይ አይተውም!» አለ ዮሪት። «ድልድይ እኮ ወዲያና ወዲህ መደገፊያ ይፈልጋል። እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ፊርማዬን አላኖርም።»

«ቃል ነው እንጂ ድልድይ ነው እንዴ?»

«ድልድይ ካልሆነ ለምን ድልድይ ይላል?»

ወይዘሮ ሩሎፍከ እጃቸውን ዘርግተው አስታረቁ። «እዚህ አገር ማንም አይበለጥም። የላይኛው መስመርና የታችኛው መስመር ጭብጨባ እኩል ይሁን፤ አለቀ።»

አለቀ ተብሎ ሁለተኛ ብስኩት ሊወጣ ምንም አልቀረው ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ አሥራ አንድ ለሁለት ሲከፈል አንድ ይተርፋል። የተረፈችው «ዲ» ናት፤ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ቀረች። ወደ ላይ ብትሄድ ታች ይቀየማል፤ ወደ ታች ብትሄድ ላይ ይቀየማል። ስብሰባው ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ።

ሲትሰ ይህን ሰምቶ አዳራሹ ድረስ መጣ። ባለጉዳይ ኮሚቴ ፊት የሚናገረው ቆሞ ነው፤ እዚያም ቆመ። በር ሥር ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንዱን እግሩን አንሥቶ፣ ከዚያ ያንን አውርዶ ሌላውን አንሥቶ።

«የመጣሁት ለልመና ነው» አለ። «ጉልበቴ አልቋል። ማታ ማታ እንደ በሬ ነው የምጮኸው። ያንን ላስቲክ ፍቱልኝና ልቀመጥ።»

«በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው፣ እናመሰግናለን» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ። «ለመሆኑ እርስዎ ዲ የት ትሁን ይላሉ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ! የፈለጋችሁበት ውሰዷት! ድልድይ ጠባቂ ብላችሁ ጻፉና ገላግሉኝ። ክብሪት ቀፎ ላይ እንኳ ይገባል!»

ሁላችንም ክው አልን።

«አቶ ሲትሰ! እሱ እርስዎን ዝቅ ማድረግ ነው!» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ።

«ዝቅ ማለትማ ነው የምፈልገው!» ብሎ ጮኸ። «ዝቅ ብዬ፣ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ዘርግቼ!»

የመናገሪያ ጊዜው አልቆ ነበርና ወይዘሮ ሩሎፍከ በአክብሮት አስወጡት። ሲወጣ ዐይኑ አንድ ባዶ ወንበር ላይ ማረፉን አይቻለሁ። የኔ ኮት ተቀምጦበት ነበር።

ነገሩ እየከበደ ሲመጣ ሕዝቡ እንዲሳተፍ ተወሰነ። ነዋሪው ሁሉ በየቤቱ አጨብጭቦ ሐሳቡን እንዲያቀርብ ጥሪ ተደረገ። አቤት ያኔ የነበረው ጭብጨባ! ዓሣ ተራው ያጨበጭባል፣ ፀጉር ቤቱ ያጨበጭባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ስብከቱ መሐል አንዱ ጀምሮ ቄሱ ደስ ብሏቸው ስብከቱን አስረዘሙት። በልደት ቀን ክብ ሠርተን ተቀምጠን ስለ አየሩ ማውራት ቀርቶ፣ ላይኞችና ታችኞች ተባብለን ተቧደንን። ታችኞቹ ከላይኞቹ አይብ አንገዛም አሉ። ከተማችን እንዲህ ያለ የዴሞክራሲ ዘመን አይታ አታውቅም።

ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ወደ ጎን ይዘንብ ጀመር። ሲትሰ ከጠባቂ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ትራይንቸ በየቀኑ የአተር ሾርባ በቴርሞስ ታመጣለች፤ ቆሞ ይጠጣል። ከወዲያ ማዶ ላስቲክ የለበሰው ወንበር ይታየዋል። አንድ ዳክዬ ላዩ ላይ ተኝታለች። ዳክዬዋን ማንም አላስወረዳትም፤ ርክክብ አይመለከታትም።

አንድ ቀን ገበያ ላይ፣ አይብ ሻጩ ፊት፣ ትራይንቸ ወይዘሮ ሩሎፍከን አገኘቻቸው። እኔም ከኋላቸው ተራ ይዤ ነበር።

«እትዬ ሩሎፍከ» አለች ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ «ማታ የባሌን ጉልበት በሙቅ ውሃ ሳሽለት ስለ ኮሚቴያችሁ ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣ ምን ይላል?»

«እዚህ ብነግርዎ አይቡ ይበላሻል።»

«ትራይንቸ፣ እኛ እኮ የምንደክመው ለሱ ብለን ነው።»

«ደከማችሁ? እናንተ? ኧረ በፈጠራችሁ! ተቀምጦ የደከመ ሰው ያየሁት በናንተ ነው!»

አይብ ሻጩ ሳቁን በጉንፋን አሳበበ። ወይዘሮ ሩሎፍከ ግን ትልቅ ሰው ናቸውና አልተቀየሙም። እንዲያውም በማግሥቱ ኮሚቴውን በአስቸኳይ ጠርተው፣ ተቃዋሚም ደጋፊም እኩል የሚከፋበት መፍትሔ ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ ስምምነት የሚባለው ይህ ነው። አምስት ጭብጨባ ላይ፣ አምስት ጭብጨባ ታች፣ ዲ ደግሞ መሐል ላይ ብቻዋን፣ የራሷ መስመር ተሰጥቷት። መምህር ቩቦ ከፋቸው። ዮሪትም ከፋው። ስለዚህ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ደስታ ሳይታይብንም አጨበጨብን።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ ብስክሌቶቻችንን ከወዲህ አቁመን በእግራችን ወደ ደሴቷ ተሻገርን። የኔ ብስክሌት አዲስ ነው፤ ከኋላው ሰፊ የዕቃ መጫኛ አለው፣ ቁልፉም ላዩ ላይ ነበር። ከተማችን ውስጥ ምን ይመጣል ብዬ? ሲትሰ የሠርጉን ኮት ለብሷል። ትራይንቸ ክንዱን ይዛዋለች። የጠባቂ ቤቱ ቁልፍ ገና ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቁልፍ የሚያስረክበው ወንበሩን ሲረከብ ነውና።

ወይዘሮ ሩሎፍከ ንግግር አደረጉ። ስለ ጽናት ተናገሩ፣ ስለ አሳታፊነት ተናገሩ፣ ስለ ዲ ለብቻዋ ብዙ ተናገሩ። ንግግሩ ሲረዝም እግራችን ዛለ። በስንት ጊዜው ላስቲኩ ተገፈፈ፣ ዳክዬዋ እየተሳደበች ሄደች፣ የናስ ሰሌዳውም ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ።

ሆፍትኦፕሃልብሩኽበ
ዲ
ኒንግስመደወርከር

ትራይንቸ ጎንበስ ብላ አነበበች። ቀና አለች፣ እንደገና ጎንበስ አለች። «የባሌ ስም የታለ?»

ዮሪት ጉሮሮውን ጠረገ። «ለስሙ ቦታ አልበቃም። ሁለት መስመር ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር። ዲ…»

«ስሙን በሚመለከት» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ ፈጠን ብለው፣ «ሌላ ጊዜያዊ ኮሚቴ ይቋቋማል።»

ይህን ብለው፣ እግራቸውም ዝሎ ነበርና፣ የወንበሩን ጥንካሬ ለመመርመር ቁጭ አሉ። ሰብሳቢ ተቀምጦ አባል አይቆምም፤ መምህር ቩቦ ተቀመጡ፣ ዮሪት ተቀመጠ፣ ሁለቱ ጸጥተኞችም ተስማምተው ተቀመጡ። ጫፍ ላይ ለአንድ ሰው የምትሆን ቦታ ቀርታ ነበር። እሷን እኔ ያዝኳት።

ሲትሰ ፊታችን ቆሞ ተመለከተን።

«ጠጋ በሉልኝ» አለ በቀስታ።

«በደስታ!» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ። «ግን ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የምንጠጋው? ወደ አንድ በኩል ብቻ ከተጠጋን ጫፍ ላይ ያለው ሰው ይጎዳል።»

«ለምን ከመሐል ተከፍለን እኩል እኩል አንጠጋም?» አሉ መምህር ቩቦ።

«መሐሉ የት ነው?» አለ ዮሪት። «ስድስት ሰው ነን፤ ሁሉም እኩል አይወፍርም።»

ጥሩ ክርክር ነበር፤ ሐሳብ ያለውም የሌለውም ተናገረበት። እኛ ወፍራሙን ከቀጭኑ ስንለይ ከሩቅ የጀልባ ጥሩንባ ተሰማ። ሲትሰ ጆሮውን ቀና አደረገ።

«ጀልባ መጣ» አለ። «ሥራ ነው። ነይ ትራይንቸ።»

ባልና ሚስት ተደጋግፈው ድልድዩን ተሻገሩ። «አያችሁ? እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ታማኝ!» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ድልድዩ ተነሣ። ጀልባው አለፈ፣ ባለጀልባው እጁን አውለበለበልን፣ እኛም አውለበለብን። ድልድዩ ግን አልወረደም። ጠበቅን፤ አልወረደም። ሲትሰ ከጠባቂ ቤቱ ወጥቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ሲትሰ!» አልን።

«ሲትሰ ማነው?» አለ ከማዶ። «ሰሌዳው ላይ የለም እኮ!»

«አቶ ሲትሰ፣ ቀልዱን ይተዉና ድልድዩን ያውርዱት!» አሉ ወይዘሮ ሩሎፍከ።

«ድልድይ የሚያስወርድ ሰው ሠራተኛውን በማዕረጉ ይጠራል! ሁላችሁም፣ አንድ ላይ፣ ጥርት አድርጋችሁ! ዝቅ እንዳታደርጉኝ ብቻ!»

ምን አማራጭ አለ? ተነሥተን ጮኽን። ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ ቃሉም የትንፋሽ ጠላት ነው። መምህር ቩቦ ‹ብሩኽ› ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ዮሪት ትንሽ አልፎ ቆመ፣ እኔ ዲ ላይ ሳል ያዘኝ። ጸጥተኞቹ መጨረሻውን ብቻ አሉ። ማዶ የደረሰው ነገር የፈረስ ማንኮራፋት ይመስል ነበር።

«አልሰማሁም!» አለ ሲትሰ እጁን ጆሮው ላይ ደቅኖ። «መጀመሪያ ተስማሙ!»

ወይዘሮ ሩሎፍከ ወደኛ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያ የማውቀው ክብር ሲመጣ አየሁት።

«ክቡራን አባላት» አሉ፣ «በአስቸኳይ የሚወሰን አንድ አጀንዳ አለን። ትንፋሽ የምንወስደው የት ላይ ነው?»

«ከድልድዩ በኋላ» አሉ መምህር ቩቦ።

«ድልድይ ጫፍ ላይ አይተውም» አለ ዮሪት።

ማዶ፣ ትራይንቸ ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ መርጣ አዲሱን ያዘች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችና ፔዳሉ ላይ እግሯን አኖረች። ሲትሰ ቀስ ብሎ፣ አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ ከኋላዋ ሰፊው የዕቃ መጫኛ ላይ ቁጭ አለ። እግሮቹን ዘረጋ። እንዲህ ያለ «እፎይ» ቦይ ተሻግሮ ሲመጣ ሰምቼ አላውቅም።

«ብስክሌቴን!» ብዬ እጄን አንሥቼ ጮኽኩ።

«አሁን አጀንዳው እሱ አይደለም» አሉኝ ወይዘሮ ሩሎፍከ።

እጄን አውርጄ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጀመረ፤ ሌሎቹ የኮሚቴው አባላት አምስት ላይ፣ አንድ መሐል፣ አምስት ታች እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ እኔም ተከተልኩ። ወንበሩ ግን፣ ሐቁን ልናገርና፣ በጣም ይመቻል።